ምዕራፍ ስድስት፦ አደጋውን ያየው ጓደኛ

ሁለት ጓደኛሞች በሁለት ሞተር ከሐዋሳ ወደ ሻሸመኔ እየሄዱ ነው እንበል። የፊተኛው የቆመ አይሱዙ ለማለፍ ወጣ ሲል ከፊት ለፊት ከመጣ ባጃጅ ጋር ይላተማል። የኋለኛው ፍሬን ይዞ ይተርፋል። ሮጦ ይደርሳል፣ ደሙን በጃኬቱ ያፍናል፣ አምቡላንስ ይጠራል፣ ለእናትየው ይደውላል፣ ሆስፒታል ደጅ ያድራል። በማግስቱ ቤቱ ሲገባ «አንተስ እንዴት ነህ?» የሚለው የለም። ገላው ላይ ጭረት እንኳ አልታየማ።

ይህ ምዕራፍ ለእሱ ነው። ምናልባትም ለአንተ።

ማየት ራሱ ይጎዳል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው የምርመራ መመሪያ ውስጥ፣ ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ ለሚመጣው የአእምሮ ሕመም መነሻ ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ በሌላ ሰው ላይ የደረሰውን በዓይን ማየት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ እምቢ ቢልህ፣ ሞተር ባለፈ ቁጥር ልብህ ቢደልቅ፣ እህል አልወርድ ቢልህ፣ ወይም ምንም ነገር ሳይሰማህ ደንዝዘህ ብትውል፣ ፈሪ ሆነህ አይደለም። ሰውነትህ አደጋው ማለፉን ገና አላመነም። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀለዋል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ያ ሳይጠሩት የሚመጣው ምስል ነው። በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ በሚገኘው የጆን ራድክሊፍ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ተሳታፊዎቹ የመኪና አደጋ የደረሰባቸው ወይም አደጋ ያዩ 71 ሰዎች ነበሩ። ከፊሎቹ አደጋው ከደረሰ 6 ሰዓት ሳይሞላ የከፋውን ቅጽበት ለአፍታ እንዲያስታውሱ ተደረገና ቴትሪስ የተባለውን፣ ጡብ የሚመስሉ ቅርጾች እየወረዱ የሚገጣጠሙበትን ጌም 20 ደቂቃ ያህል ተጫወቱ። በቀጣዩ ሳምንት ሳይፈልጉት የሚመጣባቸው ምስል ካልተጫወቱት በ62 በመቶ ያነሰ ሆነ። ተመራማሪዎቹ እንደሚያስረዱት፣ በዓይነ ልቦና ቅርጽ የማዞር ሥራ ምስሉ ሥር የሚሰድበትን ቦታ ይሻማዋል። ሆስፒታል አግዳሚ ላይ ተቀምጠህ ስልክህ ላይ እንዲህ ያለ ጌም ብትነካካ «ጓደኛው ተኝቶ ይጫወታል» የሚል አይጠፋም። ይበል። ነገ ለጓደኛህ የምትቆመው ዛሬ አንተ ከተረፍክ ነው።

አሁን ስለ ጥየቃ ልናገር፤ ከልቤ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። የታመመን መጠየቅ ከወግ ሁሉ የከበረ ወግ ነው፣ ይኑር። ነገር ግን ብርቱካን ይዞ የገባ ዘመድ ሁሉ ዞሮ አንተን «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረን፣ እንዴት ነበር?» ይልሃል። አጎት ሲመጣ ትተርካለህ፤ አክስት ስትገባ እንደገና ከአይሱዙው ትጀምራለህ። ለእነሱ ወሬ ነው፣ ለአንተ ግን ያቺን ደቂቃ ደግሞ መኖር ነው። አደጋ ያየን ሰው ወዲያው አስቀምጦ ሁሉንም ማስተረክ ይፈውሳል የሚል እምነት በውጭው ዓለምም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ግን የአንድ ጊዜ ማስተረክ ሕመሙን እንደማይከላከል አሳየ፤ በግዴታ መደረጉም እንዲቆም መከረ። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያም የደረሰበትን ሰው እንዲናገር አትጫኑት ይላል።

ስለዚህ አንድ የቤተሰብ ሰው ምረጥና ነገሩን አንዴ ንገረው። ከዚያ በኋላ ለሚጠይቅህ «ወንድሙ ያውቃል፣ እሱን ጠይቁት» ማለት ነውር የለበትም። በሌላ በኩል ጨርሶ ዝም ማለትም አይበጅም። የሚያቋርጥህ፣ «እርሳው በቃ» የሚልህ ሳይሆን ቡናውን ይዞ የሚያዳምጥህ አንድ ሰው ፈልግና በፈለግህ ሰዓት፣ በፈለግህ ልክ አውራው። ለትራፊክ ፖሊስ ቃል ስትሰጥም ሰው አስከትለህ ሂድ፤ ያየኸውን ብቻ ተናገር፣ የገመትከውን ተወው።

ሌሊት የሚመጣው ደግሞ ጥፋተኝነት ነው። «እንሂድ ባልለው ኖሮ»፣ «ቀስ በል ብለው ኖሮ»፣ «ሄልሜቱን አድርግ ብዬ ባስገድደው ኖሮ»። የመጨረሻው በተለይ ይመራል፤ ሄልሜት የመሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በጥናት ታውቋል። እውነት ነው፤ ሆኖም ይህ እውነት ለነገው ጉዞ ይጠቅማል እንጂ ለትናንቱ ፍርድ አይሆንም። «ሲወድቅ ደርቄ ቀረሁ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በድንጋጤ መደንዘዝ ሰውነት ሳያማክርህ የሚያደርገው ነገር ነው። አንድ ነገር ሞክር፦ ወረቀት ላይ ያን ጠዋት፣ ሞተር ስታስነሱ የምታውቀውን ብቻ ጻፍ። ባጃጁ እንደሚመጣ አታውቅም ነበር። ራስህን የምትከሰው ከአደጋው በኋላ ባወቅኸው ነገር ነው።

መጠጥና ጫት እንቅልፍህን ያባብሱታል። የእንቅልፍ ኪኒንም በራስህ አትጀምር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ዳያዜፓምና መሰሎቹ በመጀመሪያው ወር ለዚህ ዓይነቱ ጭንቀት እንዳይሰጡ መክሯል። ወር አልፎም ምስሉ ካልለቀቀህ፣ ሥራህ ከተጓተተ፣ ከሰው ከራቅህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ወር አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ሂድ። አዲስ አበባ ያለኸው አማኑኤል ሆስፒታል አለልህ፤ ክፍለ ሀገር ላለኸውም በትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጠይቅ። ጸበልህን ወይም ዱዓህን ለዚህ ብለህ አትተወው፤ አብረው ይሄዳሉ።

ጓደኛህ ሲያገግም ሌላ ነገር ይገጥምሃል። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ብዙ ጊዜ አደጋውን አያስታውስም፤ ያቺ ደቂቃ አንተ ጋ ብቻ ቀርታለች። አንድ ቀን «ምን ሆኜ ነበር?» ይልሃል። እሱ ለጥየቃ እንደመጣው ሰው አይደለም፤ ሕይወቱ ውስጥ የጎደለችውን ደቂቃ ነው የሚፈልገው። በጠየቀህ ልክ መልስለት፣ ካልቻልክ ሌላ ቀን ቅጠረው።

ጓደኛህ ካልተረፈ ደግሞ እናቱ ትጠይቅሃለች፤ ምናልባት በሣልስቱ፣ ምናልባት ከአርባው በኋላ ለብቻህ ጠርታ። «መጨረሻ ላይ ምን አለ?» ብትልህ ያላለውን አትጨምር፣ ያልጠየቀችህን ቁስልም አትዘርዝር። ልጇ መንገድ ላይ ብቻውን እንዳልነበረ ግን ንገራት፤ እጁን ይዘኸው ከነበረም ያንን ንገራት።