ከኮልፌ እስከ ገለምሶ፦ የጄኔራል ታደሰ ብሩ የመኮንንነት ሕይወትና የታማኝነት ጥያቄ

መግቢያ

ዛሬ 18 ማዞሪያ የሚባለው አካባቢ የሚገኝበት ኮልፌ በ1950ዎቹ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠራዊት መቀመጫ ነበር። ስፍራው በውጭው ዓለም የሚታወቀው ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱበት በመሆኑ ነው። ሥልጠናውን በበላይነት የመሩት መኮንን ታደሰ ብሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት በማንዴላ ታሪክ ውስጥ እንደ አንድ ንዑስ ባለታሪክ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የመኮንኑን የሥራ ዘመን በቅደም ተከተል በመመልከት፣ ዙፋኑን ከመፈንቅለ መንግሥት ያዳነ አዛዥ በስድስት ዓመት ውስጥ በዚያው ዙፋን ፍርድ ቤት ተከሳሽ የሆነበትን ምክንያት ይመረምራል።

ከአርበኝነት ወደ አዛዥነት

ታደሰ ብሩ የተወለዱት በሰላሌ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች እንደሚያመለክቱት፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ገና በወጣትነታቸው ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው ተማርከዋል፤ ሞቃዲሾም ታስረዋል። ከነጻነት በኋላ በመንግሥት የጸጥታ ኃይል ውስጥ ደረጃ በደረጃ አድገው የፈጥኖ ደራሽ አዛዥና የፖሊስ ሠራዊት ምክትል ኮሚሽነር ለመሆን በቁ።

የታማኝነታቸው ትልቁ ፈተና የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ነበር። የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ሙከራውን ሲመሩ፣ የፖሊስ ሠራዊት ኮሚሽነሩ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ተባባሪያቸው ሆኑ። ታደሰ ግን የቅርብ አለቃቸውን ሳይከተሉ ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ቆሙ። ስለዚህ የዚያን ጊዜው ታማኝነታቸው ለማዕረግ ሰንሰለት በጭፍን ከመታዘዝ የመነጨ አልነበረም፤ የአለቃን ትእዛዝ የመመዘን ውሳኔ ነበረበት። ይህ ነጥብ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ይጠቅማል።

የኮልፌው አስተማሪ

ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ ሲገቡ ሥልጠናው ስድስት ወር እንዲፈጅ ታስቦ ነበር። በግለ ታሪካቸው እንደተረኩት፣ በቀን ውስጥ የመሣሪያ አያያዝ፣ የፈንጂ ሥራና ትጥቅ ተሸክሞ የመጓዝ ልምምድ ያደርጉ ነበር፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ኮሎኔል ታደሰ ትምህርት ይሰጡ ነበር። የትምህርቱ ፍሬ ነገር የነጻነት ጦር ከመደበኛ ጦር የሚለይበት መንገድ ነበር፦ አዛዡ በሥራ ላይ ሥልጣኑን ሊያጸና ይገባል፤ ከሥራ ውጭ ግን ከተራው ተዋጊ ጋር በእኩልነት መኖር አለበት። የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ማንዴላን በአስቸኳይ ሲጠራ፣ ታደሰ ጉዟቸውን አመቻችተው አውቶማቲክ ሽጉጥና 200 ጥይት በስጦታ ሰጧቸው።

ታደሰ ይህን ትምህርት የሰጡት የንጉሠ ነገሥቱን ከተማ ከአመፅ የሚጠብቅ ሠራዊት እየመሩ ነው። መንግሥቱ በውጭ የነጻነትን ትግል ሲደግፍ፣ በአገር ውስጥ የመደራጀትን ጥያቄ በጥርጣሬ ያይ ነበር። ይህ የፖሊሲ ተቃርኖ በአንድ መኮንን የሥራ ገበታ ላይ ተገናኝቷል ማለት ይቻላል።

ወደ ተቃውሞ የወሰደው መንገድ

ለለውጡ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ነው። ታደሰ ዘመቻውን ሲመሩ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ኦሮሞ መሆናቸውን ሳያውቁ ትምህርት በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ እንዳይስፋፋ አስጠነቀቋቸው የሚል ትረካ በሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር አባላት ዘንድ ተደጋግሞ ይነገራል። ትረካው የአንድ ወገን ምስክርነት በመሆኑ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። የተረጋገጠው ግን ጄኔራሉ በ1956 ዓ.ም. ማኅበሩን መቀላቀላቸው ነው። በ1955 ዓ.ም. ትምህርት ቤት፣ መንገድና ጤና ጣቢያ ለማሠራት የተመሠረተው ይህ ማኅበር፣ በእሳቸው ዝናና የማደራጀት ችሎታ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት እንቅስቃሴ ሆነ።

በ1959 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በአዲስ አበባ ሲኒማ ኢትዮጵያ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ የማኅበሩ መሪዎች ተያዙ። መቶ አለቃ ማሞ መዘምር በስቅላት ሲቀጡ፣ በታደሰ ላይ የተፈረደው ሞት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ ጄኔራሉም ወደ ሐረርጌ፣ ገለምሶ ተላኩ። አብዮቱ ከግዞት ቢያወጣቸውም ከደርግ ጋር አልተስማሙም። ከኮሎኔል ኃይሉ ረጋሳ ጋር ወደ ጫካ ወጥተው ተያዙ፤ መጋቢት 10 ቀን 1967 ዓ.ም. ሁለቱም ተረሸኑ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ከታወጀ ገና 15 ቀኑ ነበር።

ማጠቃለያ

የታደሰ ብሩን ሕይወት «ታማኝ» እና «ከሃዲ» በሚሉ ሁለት ቃላት ከፍሎ ማየት በቂ አይደለም። በ1953 አለቃቸውን ትተው መንግሥትን መረጡ፤ በ1956 መንግሥት የሚጠረጥረውን ማኅበር መረጡ። በሁለቱም ጊዜ ማን ሊታዘዙት እንደሚገባ ራሳቸው ወስነዋል። ለተመራማሪው የሚቀረው ሥራ ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ የታተመውን የማንዴላን ትዝታ፣ የማኅበሩን አባላት ምስክርነትና የከሳሹን መንግሥት ሰነድ አንዱን በሌላው እየመዘኑ ማንበብ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲነበብ አስተማሪውን፣ ሰማዕቱን ወይም ወንጀለኛውን ብቻ ያሳያል፤ መኮንኑ የሚታየው ሦስቱ ሲገናኙ ነው።