በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ቴሌቪዥን፤ መንስኤውን እንዴት እንመርምር?

ቴሌቪዥን በራሱ ጊዜ ጠፋ ማለትና ቴሌቪዥን ተበላሸ ማለት አንድ አይደለም። ይህ ልዩነት ባለመታወቁ ግን ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን ያባክናል። በደባርቅም ሆነ በዳባት አንድ ቤተሰብ ገብሱን ሸጦ ወይም ከበጎቹ ጥቂቱን ለገበያ አውጥቶ የገዛው ቴሌቪዥን በዜና መካከል ድርግም ሲል፣ የቤቱ ሰው ሁሉ «ተቃጠለ» ብሎ ይፈርድበታል። ከዚያ ወዲያ ወይ በርካሽ ይሸጣል፣ ወይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ጎንደር ይወርዳል። ከዳባት ጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደባርቅ ደግሞ ወደ 100 ይጠጋል። ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ጠጋኙ ቤት ሲሰካ ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ቢውልስ? ጉድለቱ የነበረው በቴሌቪዥኑ ሳይሆን በቤቱ ሶኬት ከሆነ፣ የመጓጓዣው ገንዘብ በከንቱ ፈሰሰ ማለት ነው።

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች እንጂ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች አይደለንም። ይሁን እንጂ ምክንያትንና ውጤትን አገናኝቶ መመርመር የአንድ ፋኩልቲ ርስት አይደለም። እንዲያውም የዚህ ምርመራ ትልቁ ክፍል ካቻቢቴ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ዓይን፣ ሰዓትና ትዕግሥት ነው። ስለዚህ የምርመራውን ሥርዓት በቅደም ተከተል ከዚህ በታች እናቀርባለን።

አስቀድሞ አንድ ነገር እንረዳ። ዘመናዊ ቴሌቪዥን ሙቀት ሲበዛበት ወይም በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል ከልኩ ሲወጣ ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። በሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ አልሄድም ብላ የቆመች በቅሎ ሁልጊዜ ለግማ አይደለም፤ አደጋ አይታ ሊሆን ይችላል። አስተዋይ ሰው ዱላ ከማንሳቱ በፊት ፊት ለፊቷ ያለውን ይመለከታል። ቴሌቪዥንም ሲጠፋ ደጋግሞ እያበሩ ማስገደድ በቅሎዋን ወደ ገደሉ እንደ መግፋት ነው።

የመጀመሪያው ተግባር፤ መመዝገብ

አንድ ወረቀት ወስደን ለሦስት ቀን ያህል አራት ነገር እንጻፍ። ይኸውም፤ ስንት ሰዓት ላይ ጠፋ? ከተከፈተ ስንት ደቂቃ ቆየ? ሲጠፋ ከፊቱ ያለችው ትንሽ መብራት በርታለች፣ ጠፍታለች ወይስ ብልጭ ድርግም ትላለች? በዚያ ጊዜ በቤቱ ሌላ ምን ተሰክቶ ነበር?

ትንሿ መብራት ዋና ምስክር ናት። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ እርሷ በደንብ ከበራች፣ ባብዛኛው «ጥፋ» የሚል ትእዛዝ ከአንድ ቦታ ደርሶታል ማለት ነው። እርሷም አብራ ከጠፋች ኤሌክትሪኩ ተቋርጦበታል፤ ወይም ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው የውስጥ ክፍል ደክሟል። ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ግን መሣሪያው ራሱ ሕመሙን እየተናገረ ነውና ስንት ጊዜ ብልጭ እንዳለች ቆጥረን እንጻፍ። በብዙ አምራቾች ዘንድ ቁጥሩ ለጠጋኙ የታመመውን ክፍል ያመለክተዋል።

ሁለተኛው፤ ትእዛዙን መፈለግ

ቴሌቪዥኑ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ላይ ወይም እኩል ጊዜ ቆይቶ የሚጠፋ ከሆነ፣ ይህ የብልሽት ጠባይ አይደለም። ብልሽት ሰዓት አያከብርም። ስለዚህ የማስተካከያውን ማውጫ ከፍተን የመኝታ ሰዓት ቆጣሪው ተሞልቶ እንደሆነ እንይ። በእ.ኤ.አ. 2009 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ ኃይል እንዳይባክን ሲል፣ ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት ያህል ምንም ቁልፍ ካልተነካ ራሱን እንዲያጠፋ አዝዟል። ወደ አገራችን ከሚገቡት መሣሪያዎች መካከልም ይህ ጠባይ ያላቸው አሉ። የማይፈለግ ከሆነ በማውጫው ውስጥ ይሰረዛል።

ሌላም አለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቴሌቪዥኑ በርቶ ሪሲቨሩ ሳይበራ ሊቀር ይችላል። ብዙ ቴሌቪዥኖች ምስል የሚልክላቸው ሲያጡ ከጥቂት ደቂቃ እስከ ሩብ ሰዓት ጠብቀው ይጠፋሉ። እንዲሁም ሁለቱ በኤችዲኤምአይ ገመድ ሲገናኙ አንዱ ሲጠፋ ሌላውን የሚያጠፋበት ሥርዓት አለ። በመጨረሻ የሪሞቱን ባትሪ አውጥተን አንድ ምሽት እንሞክር፤ የተጣበቀ ቁልፍ ያለው ሪሞት ማንም ሳይነካው ትእዛዝ ይልካልና።

ሦስተኛው፤ ከግድግዳ የሚመጣው ኃይል

በአገራችን ለቤት የሚደርሰው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ነገር ግን ከትራንስፎርመሩ በራቀ ቤት፣ በተለይም በምሽት፣ ከዚህ ሊወርድ ይችላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል። ባለ 32 ኢንች የኤልኢዲ ቴሌቪዥን ግን ባብዛኛው 100 ዋት አይሞላም። እንግዲህ አንዲት እናት እንጀራ ለመጋገር ምጣዱን ሲሰኩ፣ በዚያው መስመር ላይ ከ30 በላይ ቴሌቪዥን የተከፈተ ያህል ሸክም ይጨመራል። በመዝገባችን ላይ «ምጣድ ተሰክቶ ነበር» የሚለው ቃል ደጋግሞ ከታየ፣ አምፖሉም በዚያው ጊዜ ከደበዘዘ ተጠርጣሪው ታወቀ ማለት ነው።

ሆኖም ከመፍረዳችን በፊት ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ እናንብብ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ መሣሪያው ዝቅተኛ ኃይልን ይችላል፤ ስለዚህ ስታቢላይዘር ለመግዛት አንቸኩል። ይልቁንም ስፒናውን እንይ። የላላ ሶኬት፣ የጠቆረ ስፒና፣ አምስት ዕቃ የተሰካበት ማከፋፈያ፣ ሲነኩት የሚሞቅ ገመድ ብዙ ቴሌቪዥን ያለ ጥፋቱ አስወቅሰዋል። ቴሌቪዥኑን በሌላ ሶኬት፣ ቢቻልም በጎረቤት ቤት ሰክቶ አንድ ምሽት ማየት ከሁሉ የበለጠ ፈተና ነው። በዚያ ካልጠፋ መታከም ያለበት ቤቱ ነው።

አራተኛው፤ ሙቀትና የአገራችን ከፍታ

ከተከፈተ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቆይቶ የሚጠፋ፣ አርፎ ሲከፈት ደግሞ እንደገና የሚሠራ ቴሌቪዥን ባብዛኛው ሙቀት ያስቸግረዋል። «በደባርቅ ብርድ ምን ሙቀት አለ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ በአየሩ ውስጥ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። መሣሪያን የሚያቀዘቅዘው በውስጡ የሚያልፈው አየር ነውና፣ አየሩ ሲሳሳ የሚያነሣው ሙቀትም ይቀንሳል። የዓለም አቀፍ የደኅንነት ደረጃዎችም ለእንዲህ ያለ መሣሪያ መነሻ አድርገው የሚይዙት እስከ 2,000 ሜትር ያለውን ከፍታ ነው። ደባርቅና ዳባት ሁለቱም ከዚያ በላይ ናቸው።

ይህ ነገር ከትምህርት ቤት ታሪካችንም ጋር ይገናኛል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። ፕላዝማ በመስተዋት መካከል የታሸገ ጋዝ ስላለው፣ የውጭው ግፊት ዝቅ ሲል ጥዝ የሚል ድምፅ እንደሚያሰማ ይታወቃል፤ አምራቾችም በመመሪያቸው የከፍታ ወሰን ይጽፉ ነበር። ትምህርቱ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። መሣሪያው በሒሳብ ትምህርት መካከል ቢጠፋ፣ እስኪበራ ድረስ ያመለጠውን «ይድገሙልን» ተብሎ የሚጠየቅ መምህር በስክሪኑ ውስጥ አልነበረም። የአንድ ስፒና መላላት የአንድ ክፍል ተማሪዎችን ትምህርት ያስቀር ነበር ማለት ነው።

በቤታችን መድኃኒቱ ቀላል ነው። በቴሌቪዥኑ ላይ የተደረበው ዳንቴል ይነሣ፤ ከቡፌው ጥግ ወጥቶ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ስፒናው ተነቅሎ የጀርባው ቀዳዳዎች አቧራ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ። በብርድ ሌሊት ተጓጉዞ ወደ ሞቀ ክፍል የገባ መሣሪያ ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል፣ ጥቂት ሰዓት ሳያርፍ አይከፈት።

አምስተኛው፤ ከዚህ በኋላ የባለሙያ ድርሻ ነው

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከጠፋ ጉድለቱ በውስጥ ነው። ያበጠ ካፓሲተር ወይም የተሰነጠቀ የብየዳ ቦታ ሊሆን ይችላል። ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ብቻ ከጨለመ ቴሌቪዥኑ አልጠፋም፤ በጨለማ ክፍል ስክሪኑን በባትሪ ብናበራበትና ምስሉ በስሱ ቢታይ የደከመው የስክሪኑ የኋላ መብራት ነው። ይህን ማወቅ ለጠጋኙ ግማሽ ሥራ ነው።

ክዳኑን ግን እኛ አንክፈት። 220 ቮልት በውስጥ ሲቀየር ከ300 ቮልት በላይ ይሆናል፤ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ለጥቂት ጊዜ በካፓሲተሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆያል። ጀርባው ትልቅ በሆነው በድሮው ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ውስጥማ ከ20,000 ቮልት በላይ አለ። የቃጠሎ ሽታ ወይም ጭስ ካለም ሙከራው ሁሉ ይቁም፤ የቤቱ ማብሪያ ከቆጣሪው ዘንድ ይጥፋ።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ለዕረፍት ወደ ደባርቅ፣ ወደ ዳባትና ወደ ሰሜን ተራሮች ግርጌ መንደሮች ስንመለስ «የተማረ ልጅ መጣ» ተብሎ ቴሌቪዥኑ ወደ እኛ መቅረቡ አይቀርም። ያን ጊዜ አዋቂ ለመምሰል ክዳን አንፍታ፤ አናውቅም ብለንም ዘወር አንበል። ወረቀትና እርሳስ ይዘን ከወላጆቻችን ጋር እንቀመጥና ሰዓቱን እንመዝግብ። መጠገን ካለበት መዝገቡን ይዞ ወደ ጠጋኝ ይሂድ፤ መጠገን ከሌለበት ደግሞ የበጎቹ ዋጋ በቤቱ ይቅር።