የግንፍሌንና የቀበናን ወንዝ ዳር በስፖንሰር ማጽዳትና ለበጎ ፈቃድ ጉዞ ገንዘብ ማሰባሰብ

በስፖንሰር የሚካሄድ ጽዳት ማለት አንድ ቡድን የተወሰነ ቦታ ለማጽዳት ሲነሣ፣ ደጋፊዎች ለሚሰበሰበው ቆሻሻ መጠን ወይም ለሥራው በጠቅላላ ገንዘብ ለመክፈል ቃል የሚገቡበት፣ ገንዘቡም አስቀድሞ ለታወቀ ዓላማ የሚውልበት አሠራር ነው። የባሕር በር ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ወጣቶች ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ ውጭ አገር የሚሄዱበትን ወጪ በዚህ መንገድ የባሕር ዳርቻ እያጸዱ ይሸፍናሉ። በአዲስ አበባ፣ በስድስት ኪሎና በአካባቢው የሚኖር ወጣት ግን ከእንጦጦ የሚወርዱት የግንፍሌና የቀበና ወንዞች አሉለት፤ ውኃቸው ወደ ትልቁ አቃቂ ገብቶ፣ በአባ ሳሙኤል ግድብ አልፎ አዋሽን ስለሚቀላቀል፣ እዚህ የተነሣ ፌስታል በአቃቂ ዳር አትክልት የሚያለማውን ገበሬ ማሳ አያለብስም።

ከስድስት ኪሎ ግቢ ለአገልግሎት መውጣት አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር። ዛሬ ከአገር ውጭ ለማገልገል ለሚፈልግ ወጣት ከሚቀርቡት ዕድሎች አንዱ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 የሆኑ ወጣት ባለሙያዎችን በሌላ የአኅጉሩ አገር ለ12 ወራት ያሰማራል። ማንኛውም ቡድን ገንዘብ መጠየቅ ከመጀመሩ በፊት ተጓዡን የሚቀበለው ድርጅት የትኛውን ወጪ እንደሚሸፍንና የትኛውን ለተጓዡ እንደሚተው በጽሑፍ ማወቅ ይኖርበታል። የፓስፖርት፣ የቪዛ፣ የቢጫ ወባ ክትባት፣ የጤና መድንና የትራንስፖርት ወጪ እያንዳንዱ ለብቻው ተጽፎ ካልተደመረ፣ ደጋፊው «ስንት ጎደላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ አይገኝም።

ለሥራው የሚመረጠው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። በክረምት ወንዞቹ እንጦጦ ላይ በጣለ ዝናብ ብቻ በድንገት ስለሚሞሉ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሰውን ወደ ወንዝ ዳር ማውረድ በሕይወት መቀለድ ነው። ኅዳር 12 ቀን ደግሞ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የሚባለው ወረርሽኝ ከተማዋን ከጎዳ ወዲህ ነዋሪው ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን የሚያጥንበት ቀን በመሆኑ፣ ለጽዳት የሚቀርብ ጥሪ በቀላሉ ሰሚ ያገኛል። ነገር ግን የተሰበሰበውን ፕላስቲክ በዚያው ልማድ ማቃጠል አይገባም፤ ጭሱ ዳር ላይ የሚኖረውን ሕፃንና አዛውንት ስለሚጎዳ፣ ይህንን ክልከላ ለተሳታፊዎች አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ፈቃድ የሚጠየቀው ከወረዳው ነው። ወንዝ ብዙ ጊዜ የሁለት አስተዳደሮች ወሰን ስለሚሆን፣ በአንዱ ዳር የተገኘ ፈቃድ ለማዶው አይሠራም፤ የወንዝ ዳርቻ ልማት በተካሄደባቸው ቦታዎች ደግሞ አዲስ የተተከለ ሣርና ችግኝ ስላለ የሚመለከተውን አካል ማነጋገር ግድ ነው።

ዝግጅቶችን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው የተሰበሰበው ቆሻሻ ከወንዙ ዳር የሚነሣበት መንገድ አስቀድሞ ሳይወሰን መቅረቱ ነው። መልቀሙ በግማሽ ቀን የሚያልቅ፣ ሰው እየተሣሣቀ የሚሠራው ሥራ ነው። አርባና ሃምሳ ሰው በአንድ ጧት የሚሞላው ማዳበሪያ ግን በአካባቢው ካለው የቆሻሻ ገንዳ አቅም በላይ ይሆናል፤ ገንዳውም የመንደሩ የዕለት ቆሻሻ የሚጣልበት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አፉ ድረስ ሞልቶ ይገኛል። ማዳበሪያዎቹ «ነገ ይነሣሉ» ተብለው ዳር ላይ ተደርድረው ካደሩ፣ ሌሊት ውሾች ይቦጫጭቋቸዋል፤ ባዶ ማዳበሪያ ዋጋ ያለው ዕቃ በመሆኑም ቆሻሻውን እዚያው ደፍቶ ማዳበሪያውን የሚወስድ ሰው አይታጣም፤ ያልታሰበ ዝናብ ከተጨመረ ደግሞ የተለቀመው ሁሉ ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ይገባል። በማግስቱ በዚያ የሚያልፍ ደጋፊ የሚያየው ከጽዳቱ በፊት ከነበረው የባሰ ክምር ነው፤ የገባውን ቃል ለመክፈል ቢያቅማማም አይፈረድበትም።

ስለዚህ የቆሻሻ መኪና ጥያቄ ከተሳታፊዎች ምዝገባ በፊት መቅረብ አለበት። ጥያቄው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሚጠበቀውን የማዳበሪያ ብዛትና መኪናው የሚቆምበትን ቦታ በሚገልጽ ደብዳቤ ለወረዳው የጽዳት አስተዳደር ይቀርባል። «ችግር የለም፣ መኪናው ይመጣል» የሚል የቃል መልስ ይዘው ከቢሮው አይውጡ። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ቀን ይያዙ፤ የአሽከርካሪውን ስልክ ይቀበሉ፤ በዋዜማው ማታ ይደውሉ፤ ጧትም ሰው ወደ ወንዙ ከመውረዱ በፊት እንደገና ይደውሉ። መኪናው መበላሸቱ ወይም ለሌላ ሥራ መታዘዙ በዚያ ጧት ከታወቀ፣ ተሳታፊው ቢያጉረመርምም ቀኑን ያስተላልፉ።

መኪና መገኘቱም ብቻውን አይበቃም። የግንፍሌ ዳር በብዙ ቦታ ገደላማ በመሆኑ መኪናው የሚቆመው ከላይ መንገዱ ላይ ነው፤ ከታች እስከ መንገዱ ያለውን ሽቅብ የሚሸፍነው የሰው ትከሻ ነው። ጧቱን ሙሉ ሲለቅም የዋለ ሰው ቀትር ላይ እርጥብ ማዳበሪያ ተሸክሞ ዳገት እንዲወጣ ሲጠየቅ አንድ ሁለት እያለ ይበተናል። ከተሳታፊው ሢሶው ከመጀመሪያው ሰዓት አንሥቶ ሸክም ላይ ብቻ እንዲመደብ፣ ማዳበሪያውም ከሁለት ሦስተኛ በላይ እንዳይሞላ ማድረግ ይጠቅማል። በሰፈሩ ቤት ለቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡ ማኅበራት አባላት በጋሪያቸው እንዲያግዙ አግባብ ያለው ክፍያ ተነጋግሮ መጥራት ደግሞ ከሁሉም የተሻለ መላ ነው፤ ገንዳው መቼ እንደሚነሣና በየትኛው መተላለፊያ ጋሪ እንደሚወጣ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ይህ ጉዳይ በትልቁ የታየው እዚያው ስድስት ኪሎ አጠገብ በጃን ሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ሜዳው ተዛውሮ ስለነበር፣ ገበያው ከተነሣ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ከመድረሱ በፊት ሜዳውን ለማጽዳት ብዙ ሕዝብ በወጣ ጊዜ፣ ከመጥረጊያውና ከአካፋው ጋር ከባድ መኪናና ማሽን ማሰማራት አስፈልጓል።

ስለታም ነገር ሌላው ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። በወንዝ ዳር የመርፌና የተሰበረ ጠርሙስ መኖር የተለመደ ስለሆነ፣ እነዚህ ክዳን ባለው ጀሪካን ለብቻ ይቀመጣሉ እንጂ ከሌላው ጋር በማዳበሪያ አይጨመሩም። ቆሻሻው ከተጫነ በኋላም የሰው እጅ ይነካዋል፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያ ስፍራ የሚኖሩና ከቆሻሻው እየለቀሙ የሚተዳደሩ ሰዎች መኖራቸውን አገር ሁሉ አውቋል። እዚህ በግዴለሽነት ማዳበሪያ ውስጥ የገባ መርፌ እዚያ የሚወጋው ሰው አለ።

ደጋፊው የሚከፍለው በምን መለኪያ እንደሆነ መወሰን ቀላል ቢመስልም ዳፋ አለው። በኪሎ የተባለ እንደሆነ ጭቃና ድንጋይ ሚዛኑን ይጨምራል፤ በማዳበሪያ የተባለ እንደሆነ ግማሹ አየር የሆነ ማዳበሪያ ይበዛል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚመርጠው በወንዙ ዳር ርዝመት መክፈልን ነው፦ ከአንድ ድልድይ አንሥቶ እስከ ታወቀ ቦታ ያለው ዳር በሜትር ተለክቶ፣ ደጋፊው የፈለገውን ያህል ሜትር «ይወስዳል»፤ ከጽዳቱ በፊትና በኋላ ከአንድ ቦታ ላይ ቆሞ የተነሣ ፎቶግራፍም ማስረጃ ይሆናል። ሃይላንድ፣ ማለትም ባዶ የውኃ ፕላስቲክ፣ ለብቻ ተለይቶ ለቆራሌው በኪሎ ቢሸጥ ገንዘቡ ለተሳታፊዎች ሻይና ዳቦ ይውላል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከጽዳቱ በኋላ እሰበስበዋለሁ ብሎ ማቆየት አይገባም። ቃል መግባት በአገራችን የተከበረ ነገር ቢሆንም፣ ቀኑ ባለፈ ቁጥር ሰውም እየዘነጋ፣ ጠያቂውም እያፈረ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከተቻለ ግማሹ ቃል በተገባበት ዕለት፣ ቀሪው ፎቶግራፉ በደረሰ ሳምንት ይሰብሰብ። ገንዘብ በአንድ ሰው የግል ሒሳብ ወይም ቴሌብር መቀበል፣ ሰውየው የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ ለሐሜት በር ይከፍታል። የተመዘገበ ማኅበር ካለ በእርሱ ስም፣ ከሌለም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በሚፈቅደው መሠረት ከተመዘገበ ድርጅት ጋር ተባብሮ መሥራት ይሻላል፤ እንደ ዕድሮቻችን ሁሉ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በጋራ ፈርመው የሚያወጡበት ሒሳብና ቁጥር ያለው ካርኔ ሊኖር ይገባል።

የተሰበሰበው ብር ሲሆን አንዳንዱ ወጪ በዶላር ይጠየቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ በጽዳቱ ዕለት በቂ የነበረው ብር በጉዞው ዋዜማ ሊጎድል ስለሚችል፣ ዕቅዱ ሲወጣ መጠባበቂያ ይያዝ፤ በብር ሊከፈል የሚችለው ወጪ ሁሉ ቀድሞ ይከፈል፤ ባንክ ለመንገደኛ የውጭ ምንዛሪ ሲሸጥ የሚጠይቃቸው ሰነዶችም በጊዜ ተጠይቀው ይዘጋጁ።

በካርኔው ጀርባ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲታተም ያስፈልጋል፦ ተጓዡ ቪዛ ቢከለከል ወይም ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘቡ ለደጋፊው እንደሚመለስ፣ ወይም ለሌላ ተጓዥ እንደሚተላለፍ፣ አለዚያም ለቀጣዩ የወንዝ ጽዳት እንደሚውል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ደጋፊው ከመክፈሉ በፊት አንብቦ ይፈርምበት።