በቴክሳስ ሙቀት ሽጉጥ ለምትታጠቁ፦ ለስላሳውን ሆልስተር ተዉት

ሰኔ ተጋምሶ ዳላስ ከ100 ፋራናይት በላይ መቁጠር ስትጀምር ስልኬ አያርፍም። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ የማይሞቅ፣ የማይወጋ፣ የማይታይ ሆልስተር የቱ ነው?» ጋዝ ስቴሽን ያለውም፣ እኩለ ሌሊት ስቶር የሚዘጋውም፣ ሽጉጡን ትናንት የገዛውም ይኸንኑ ይጠይቃል። መልሴን ሰምቶ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይልና ሄዶ በ15 ዶላር ለስላሳ የጨርቅ ኪስ ይገዛል። በስልክ ማስረዳቱ ሰልችቶኛል። ይኸው ጻፍኩት፤ አንብቡት፣ ለሚጠይቋችሁም ስጡልኝ።

ሕጉን በሩጫ ልለፈው። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላውና ሕግ ያልከለከለው ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ እንዲታጠቅ ፈቅዳለች። አሪዞና ከ2010 ጀምሮ እንደዚያው ናት። ላስ ቬጋስ ያላችሁ ግን ኔቫዳ ደብቆ ለመታጠቅ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ቨርጂኒያም፣ ሜሪላንድም፣ ዲሲም እንዲሁ። የዳላስን ልማድ ወገቡ ላይ ይዞ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ሊጠይቅ የሚነዳ ሰው እንግድነቱ በካቴና ሊያልቅ ይችላል። በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ አይችልም። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ለእኔ ሳይሆን ለኢሚግሬሽን ጠበቃው ይደውል። ግሪን ካርድ ያለው ይችላል፤ ነገር ግን የመሣሪያ ሕግ ጥሶ ጥፋተኛ ከተባለ ያ ብቻውን ከአገር ለመባረር ምክንያት ይሆንበታል። ዜግነት ያለው ጓደኛህ ቅጣት ከፍሎ የሚገላገለው ጉዳይ አንተን ቦሌ ሊያደርስህ ይችላል። ኡበርና ሊፍት የምትነዱ ደግሞ እወቁት፤ ስቴቱ ቢፈቅድም ሁለቱም ኩባንያዎች ሾፌር መሣሪያ እንዳይዝ ከልክለዋል።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ሰው ለሙቀት ሆልስተር ሲመርጥ በእጁ ይዳስሳል። ካይዴክስ የሚባለውን ጠንካራ ፕላስቲክ ሲነካ ፊቱን ያኮሳትራል፤ ለስላሳውን ናይሎን ወይም ስሱን ቆዳ ሲነካ «አሃ፣ ይኸ ይሻላል» ይላል። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማሸጊያው ላይ «ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል» የሚል ካለበት ለአንድም ሽጉጥ ተለክቶ አልተሠራም። ሆልስተር ከሁሉ በፊት የተሠራው ቃታን ለመጠበቅ ነው። ጨርቅ ቃታን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አይጠብቀውም። ከውጭ በጣትህ ጫን ብትለው ቃታው ይሰማሃል። አንተ ቃታውን ከነካኸው የመኪና ቁልፍህም፣ የስቶሩ ባንኮኒ ጠርዝም፣ የመኪናው ቀበቶ መቆለፊያም ይነካዋል።

አብዛኛው ወገኔ የሚገዛው ግሎክ ወይም እሱን የመሰለ ነው። ግሎክ በአውራ ጣት የሚገፋ መቆለፊያ የለውም። አንዱ መጠበቂያው እዚያው ቃታው ላይ ያለች ትንሽ ምላስ ናት፤ ቃታው ሲሳብ አብራ ትሳባለች፤ የሳባት ጣት ይሁን የካናቴራ ጠርዝ አትለይም። ላብ የጠጣ ስስ ቆዳ ደግሞ እየዋለ እያደረ ይልማል፣ አፉ ይታጠፋል። ሽጉጡን ስትመልስ የታጠፈው ጠርዝ በቃታው ቀለበት ውስጥ ይገባል፤ አንተ «ምን ያዘው?» ብለህ ትገፋለህ። አፈሙዙ ያን ጊዜ የሚያየው ጭንህን ነው። ከፊት ከእምብርት ሥር የታጠቅህ ከሆነ ብሽሽትህን ነው። በዚያ የሚያልፈው ትልቁ የደም ሥር ከተቆረጠ አምቡላንስ የሚጠበቅበት ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው።

ሙቀቱ ይህን አደጋ እንዴት እንደሚያበዛው ልንገራችሁ። ሽጉጥ ቃታው ተሸፍኖ በደንብ ወገብ ላይ ተቀምጦ ሳለ በራሱ አይተኩስም። ጣጣው ሲወጣና ሲገባ ነው። በጥር ጃኬት ለብሰህ ጠዋት ትታጠቃለህ፣ ማታ ትፈታለህ። በሐምሌ ግን ያሳክክሃል፤ መኪና ውስጥ ትፈታዋለህ፣ ስቶር ስትደርስ ትታጠቃለህ፣ ጓዳ ገብተህ ኤርኮንዲሽን ፊት ስትቀመጥ ደግሞ ትፈታዋለህ። በቀን አንድ ጊዜ የነበረው ማስገባትና ማውጣት ይደጋገማል፤ ያውም በላበ እጅ፣ በተጣበቀ ካናቴራ፣ ገመዱ በተንጠለጠለ የስፖርት ቁምጣ። ያቺ ገመድ የቃታ ቀለበት ውስጥ የምትገባዋ ናት። ስለዚህ መፍታት ካለብህ ሆልስተሩን ከነሽጉጡ ፍታው፤ ስትታጠቅም ሽጉጡን ከወገብህ ውጭ ሆልስተሩ ውስጥ አስገብተህ ሁለቱን አንድ ላይ ታጠቃቸው። በዚህ ከእኔ ጋር የሚከራከር ሰው አለ፤ «እኔ ልምድ አለኝ» ይላል። ልምዱ አገር ቤት በክላሽ ከሆነ ለዚህ አይጠቅመውም።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ያናድደኛል። ሽጉጥ ላይ 600 ዶላር ሳይከራከር የከፈለ ሰው «ሆልስተሩ 70 ዶላር ነው» ስለው «ለላስቲክ?» ይለኛል። ነገሩ ይገባኛል። ሽጉጡ ለጓደኛ ይታያል፣ ፎቶው አገር ቤት ይላካል። ሆልስተሩን ማንም አያየውም፤ ማንም በማያየው ነገር ላይ ብር ማውጣት ደግሞ አልለመደብንም። አባቶቻችን ምንሽራቸውን ትከሻ ላይ አንግተው ገበያ ሲወጡ መታየቱ ክብር ነበር፤ እዚህ የታየበት ሰው ፖሊስ ይጠራበታል። ደግሞም ዓርብ ደመወዝ ሲገባ የአክስት ሕክምና አለ፣ የወንድም የኮሌጅ ክፍያ አለ፣ የእናት ቤት ጣራ አለ። መላኩን አልነቅፍም፣ እኔም እልካለሁ። ነገር ግን ከላክህ በኋላ በተረፈችው 15 ዶላር የጨርቅ ኪስ ገዝተህ በጭንህ ላይ አትቆጥብ። ጭንህ የተመታ ቀን ሥራው ይቆማል፣ የሆስፒታሉ ሂሳብ ይመጣል፣ እናትህም ትጠብቃለች። አሁን አቅም ከሌለህ ሽጉጡን ቤት ቆልፈህ አስቀምጥና ሁለት ወር ጠብቅ። በጨርቅ ኪስ ከመታጠቅ ባዶ ወገብ ይሻላል።

የምትገዛው ሆልስተር ለሽጉጥህ ሞዴል ተለክቶ የተሠራ ይሁን። የግሎክ 19 ሆልስተር ለ43ኤክስ አይሆንም፤ ባትሪ መብራት ከገጠምክበት ደግሞ ሌላ ነው የሚያስፈልግህ። ቤት ወስደህ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጥ። ካዝናውን አውጣ፣ ስላይዱን ስበህ ጥይት አለመጉረሱን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ባዶውን ሽጉጥ አስገብተህ አልጋ ላይ ገልብጠህ ነቅነቅ አድርገው፤ ከወደቀ መልሰው። ቃታው ባለበት ከውጭ ጫን፤ የሚሰማህ ነገር ካለ መልሰው። ሽጉጡን አውጣና አፉን እይ፤ ተጨፍልቆ ከተዘጋ መልሰው። ቀበቶህ ላይ አድርገህ ስትመዝ ሆልስተሩ አብሮ ከመጣ፣ እሱንም መልሰው።

ታዲያ ምቾቱ ከየት ይመጣል? ከቀበቶው ነው። ከሞል የገዛኸው ስስ የሱሪ ቀበቶ የሽጉጡን ክብደት አይችልም፤ ይንሸራተታል፣ አንተ ታጠብቀዋለህ፣ ያን ጊዜ ይወጋሃል። ለዚሁ የተሠራ ደረቅ ቀበቶ ግዛ፤ በቀዳዳ ሳይሆን በጥርስ የሚጠብቀውን። በሁዳዴ የሳሳ ወገብ በፋሲካ ዶሮ ይመለሳል፤ የቀዳዳ ቀበቶ ደግሞ ወይ ያንቃል ወይ ይለቃል። በመቀጠል ቦታው ነው። ቀጭን ከሆንክ ከፊት ይስማማሃል። ሆድህ ገፋ ካለ፣ መቼም የብዙዎቻችን እንዲያ ነው፣ ከዳሌህ አጥንት ጀርባ ትንሽ ሸሸት አድርገው። ቆመህ ብቻ አትፍረድ፤ መኪና ውስጥ ተቀመጥ፣ ጎንበስ ብለህ ጫማህን እሰር። እጀታውን ወደ ሰውነት የሚገፋ ክንፍ መሳይ ትንሽ ፕላስቲክ ያለውን ምረጥ፤ ከታች በኩል የሚለጠፍ ስፖንጅም ይሸጣል። በሁለቱ እርዳታ ሽጉጡ ካናቴራህን ወደ ውጭ አይገፋም። ስላይዱን ከቆዳህ የሚለይ ከፍ ያለ ጀርባም ይኑረው፤ ብረት ገላህን አይነካም፣ ላብህም ብረቱን አይበላም።

ካይዴክሱ ከገላህ ጋር በቀጥታ አይገናኝ። ከሥር ላብ የሚያደርቅ ስስ የስፖርት ካናቴራ ልበስ፤ ጥጥ ላቡን ይዞ ይቀመጣል። ከላይ ሰፋ ያለ፣ አበባ ወይም መስመር ያለው ሸሚዝ ሳትከት ልበስ። ነጭ ጥብቅ ቲሸርት ሁሉን ነገር ይናገራል።

ከተማውም ለውጥ አለው። ፊኒክስ በ2023 ለ31 ተከታታይ ቀናት 110 ፋራናይትና ከዚያ በላይ አስመዝግባለች፤ ግን ደረቅ ናት፣ ላቡ ቶሎ ይተንና ጨው ይተዋል። ሂዩስተን ላቡ አይደርቅም። እዚያ ፊቱ ካይዴክስ፣ ጀርባው ሰፊ ቆዳ የሆነውን ድብልቅ ሆልስተር አትሞክር፤ በነሐሴ ወገብህ ላይ እርጥብ ፎጣ እንደማሰር ነው፣ ሳይደርቅ እያደረም ይሻግታል። ካይዴክስ ራሱ በሙቀት የሚቀረጽ ፕላስቲክ ስለሆነ ፀሐይ የሚመታው መስታወት ሥር አትተወው፤ ቅርጹ ከተለወጠ ለሽጉጥህ ልክ አይሆንም።

የሽጉጡ መጠን ላይ ወንዶቹ ይኮሩብኛል። «ትንሽ ሽጉጥ የሴት ነው» ይላሉ። ባዶው ግሎክ 19 ከ600 ግራም ያልፋል፤ ባዶው ሲግ ፒ365 ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። በካናቴራና በቁምጣ ለሚዋልበት ወቅት ልዩነቱ ትልቅ ነው። ትልቁን የገዛው ኩሩ ሰው ደግሞ ሐምሌ ላይ ዳሽቦርድ ውስጥ ሲከተው አያለሁ። ሌባ መስታወት ሰብሮ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው። ልጅም እንዲሁ። 17 ዓመት ያልሞላው ልጅ የተሞላ መሣሪያ እንዲያገኝ በቸልታ መተው በቴክሳስ ወንጀል ነው። መኪና ውስጥ መተው ግድ ከሆነ ከመቀመጫው ብረት ጋር በሽቦ ገመድ የሚታሰር የሚቆለፍ ሣጥን ግዛ።

የአሜሪካ የሆልስተር ሻጭ የማይነግራችሁ አንድ ነገር የእኛ ሰላምታ ነው። እነሱ እጅ ይጨባበጣሉ። እኛ እንተቃቀፋለን፣ ትከሻ እንገጫጫለን፣ ወገብ እንይዛለን። ለቅሶ ቤት አንድ መቶ ሰው ሲያቅፍህ ቢያንስ አንዱ እጀታውን ይነካል፤ ማታ ወሬው ሰፈር ይሞላል። ወደ ለቅሶ፣ ወደ ክርስትና፣ ወደ ሠርግ ስትሄድ ቤት ተወው። ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ፤ ተነስቶ ተደፍቶ የሚሰገድበት ቦታ ነው፤ ከፊት ታጥቆ መስገድ ምን እንደሚመስል አስቡት። ምግብ ቤቶቻችንም በር ላይ ትልቅ ቀይ 51 የሚል ምልክት አለ ወይ ብላችሁ እዩ። ምልክቱ ያለበት ገቢው 51 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ እዚያው ከሚጠጣ መጠጥ የሆነ ቤት ነው፤ እዚያ ታጥቆ መግባት በቴክሳስ ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) ነው። ምልክቱ ባይኖርም የሚጠጣ ሰው አይታጠቅም፣ አለቀ።

እህቶች፣ ለቦርሳ ተብሎ የሚሸጠውን አልወደውም። ቦርሳ ይነጠቃል፣ ወንበር ላይ ይረሳል፣ ልጅ ማስቲካ ሊፈልግ እጁን ይከትበታል። ቀሚስ ለምትለብሱ ወገብ ላይ የሚጠመጠም ሰፊ የላስቲክ መቀነት አለ፤ ቃታውን የሚሸፍን ደረቅ ፕላስቲክ ከሌለው ግን እሱም ያው የጨርቅ ኪስ ነው። መቀነቱ በጣም ይሞቃል፤ ማታ ማታ እጠቡት፣ ሁለት ይኑራችሁ።

መጸዳጃ ቤት ስትገቡ ሽጉጡን አውጥታችሁ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ፤ የሚረሳው እዚያ ነው። ከነሆልስተሩ ሱሪያችሁ ውስጥ ይቆይ።

ላብ ጨው ነው፣ ጨው ብረት ይበላል። ዝገቱ የሚጀምረው ከማታዩት ቦታ ነው፤ ከሆልስተሩ ክሊፕ ብሎኖች፣ ከካዝናው ሥር፣ ከማነጣጠሪያው ጎን። በሙቀት ወራት ማታ ሽጉጡን ባዶ አድርጋችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከውጭ ስስ ዘይት አስነኩት፤ ዘይቱ ጥይቱን እንዳይነካ። ካይዴክሱን በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠቡትና በጥላ አድርቁት። በሳምንት አንድ ጊዜ ብሎኖቹን በመፍቻ ሞክሩ፤ ቶሎ ቶሎ ይላላሉ፣ የላላ ክሊፕ ደግሞ ሽጉጥ ስትመዙ ሆልስተሩን ይዞ ይመጣል።