«እርጅና ነው» ብለን የምንተዋቸው ጥርሶች

 

በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንድ ወጣት በአንድ ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ የጥርስ ሕመም ማስታገሻ ሊገዛ መጣ። «ለማን ነው?» ስለው «ለእናቴ» አለኝ። ሐኪም አይቷቸው እንደሆነ ስጠይቀው ግን ፈገግ ብሎ፣ «እህቴ፣ 65 ዓመት ሞልቷታል እኮ! ከእንግዲህ ጥርሷ ምን ይደረጋል? እርጅና ነው» አለ። እናቱ ግፊትና ስኳር እንዳለባቸው፣ ሥጋና ቆሎ ከተዉም እንደቆዩ ጨምሮ ነገረኝ።

እኚህን የመሰሉ እናትና አባት በብዙዎቻችን ቤት አሉ። ስለዚህ በዛሬው ዝግጅታችን «እርጅና ነው» የሚለውን አባባል አብረን እንመርምር።

ጥርስን የሚጥለው ምንድን ነው?

ዕድሜ ብቻውን ጥርስ አይጥልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዎች መካከል ጥርሳቸውን በሙሉ ያጡት 23 በመቶ ያህሉ ናቸው። አብዛኞቹ ከጥርሳቸው ጋር አርጅተዋል ማለት ነው።

ጥርስን የሚጥሉት በዋናነት ሁለት በሽታዎች ናቸው፤ የጥርስ መበስበስና የድድ ሕመም። ጥርስ ላይ የሚቀረው ቆሻሻ በየቀኑ ካልጸዳ ድድ ይቆጣል፣ ይደማል። ውሎ ሲያድር ጥርሱን የያዘው አጥንት ይሸረሸርና ጥርሱ ይነቃነቃል። ድድ ሲሸሽ ደግሞ የጥርሱ ሥር ይገለጣል። ሥሩ እንደ ላይኛው ክፍል ጠንካራ ሽፋን ስለሌለው ቶሎ ይበሰብሳል።

በአረጋውያን ላይ ነገሩን የሚያባብሱ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የስኳር ሕመም ነው። ያልተስተካከለ ስኳር ድድን ያዳክማል፤ የታመመ ድድም በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ሁለተኛው የአፍ መድረቅ ነው። ለአለርጂና ለድብርት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ሽንት የሚያሸኑ የግፊት መድኃኒቶች ምራቅን ሊቀንሱ ይችላሉ። ምራቅ ደግሞ የጥርስ ጠባቂ ነው። ሆኖም መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ስለሆነ ለሐኪም ይንገሩ። ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጎንጩ፤ የሻይ ስኳርም ይቀንሱ።

ሲዋክን በአግባቡ

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሲዋክን ምን ያህል እንዳበረታቱ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ይሁንና ብዙ አባቶች የፊት ጥርሳቸውን ብቻ ፍቀው ወደ ኪሳቸው ይመልሱታል፤ መንጋጋቸው ሳይነካ ይቀራል። ጫፉን በደንብ አለስልሰው፣ ከድድ ወደ ጥርስ በቀስታ፣ በውስጥም በውጭም ይፋቁ። ያረጀውን ጫፍ እየቆረጡ ይጣሉ።

ከሲዋክ ጋር ጠዋትና ማታ፣ በተለይም ከዒሻ በኋላ ሊተኙ ሲሉ፣ ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ለሁለት ደቂቃ ያህል ይጠቀሙ። እጃቸው ብሩሽ መጨበጥ ላቃታቸው እጀታውን በጨርቅ ጠቅልሎ ማወፈር ይረዳል። «ድዴ ይደማል» ብሎ ማጽዳትን መተው ስህተት ነው። በቀስታ እያጸዱ መቀጠልና መታየት ይገባል።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው ማታ ያውልቁት። በብሩሽና በተራ ሳሙና አጥበው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያሳድሩት። የፈላ ውኃ ቅርጹን ያበላሸዋል።

ከመድኃኒት ቤት በፊት

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉ ማስታገሻዎች ግፊትን ሊጨምሩ፣ ጨጓራን ሊያደሙ፣ ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ። ለአረጋዊ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ደጋግሞ መግዛት አይገባም። አሞክሳሲሊንም የበሰበሰ ጥርስን አይጠግንም። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ሥጋውን ያቃጥላል።

ፊት ካበጠና ትኩሳት ካለ፣ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስልም መታየት አለበት። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን ከሆነ፣ ለሐኪሙ መናገር አይዘንጋ።

ያን ወጣት ማስታገሻውን ሳልሸጥለት፣ እናቱን ወደ ጥርስ ሐኪም እንዲወስድ መክሬ ሸኘሁት። ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ የጥርስ ብሩሽ ሊገዛ ነበር። ሁለት ጥርሳቸው ተነቅሏል፤ የቀሩት ግን ታጥበውና ታክመው ድነዋል።

ውድ አንባብያን፣ ወላጆቻችን ልጆቻቸውን ላለማስቸገር ሕመማቸውን ይደብቃሉ። «በልታችኋል?» ብለን ስንጠይቃቸው፣ «ስታኝኩ ያማችኋል?» ብለንም እንጠይቃቸው። አንድ ቀን አፋቸውን ከፍተው እንዲያሳዩን እንለምናቸው። ለወላጅ በጎ መዋል ከሚገለጥባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

አላህ ለወላጆቻችን ዓፊያ ይስጥልን።