የራስ ቆዳ ድርቀት፦ መለያውና የቤት ውስጥ እንክብካቤው

ተማሪዎች! የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡም ምክንያትና ውጤት በምን በምን ቃላት እንደተያያዙ ልብ በሉ።

ሀ. ምንባብ

የባሌ ደጋ ብርድ የታወቀ ነው። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ግድም፣ ጎባ ደግሞ ከዚያም ከፍ ብላ ስለምትገኝ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ቀን ፀሐዩና ነፋሱ ይበረታሉ። ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው እርጥበት ጥቂት ነው። ይኸው አየር ቤት ውስጥ በእሳት ሲሞቅ ይበልጥ ደረቅ ስለሚሆን ከሰው ቆዳ እርጥበትን ይስባል። በዚህም ምክንያት በሲናና የመኸር ወራት የብዙ ሰው ከንፈር ይሰነጠቃል፤ እጁ ይሻክራል፤ የራሱም ቆዳ ይደርቃል።

የቆዳ የላይኛው ሽፋን ዘወትር ይታደሳል። ያረጀው በዐይን የማይታይ ልጣጭ ሆኖ ሲረግፍ አዲሱ ከሥር ይተካዋል። ቆዳው ሲደርቅ ግን ልጣጩ ተያይዞ ስለሚነሣ በፀጉርና በትከሻ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ይሁን እንጂ በራስ ላይ የታየ ነጭ ነገር ሁሉ ድርቀት አይደለም። ከሕክምናው በፊት መለየት ይቀድማል፤ ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ያብሳልና።

የድርቀት ልጣጭ ደቃቅና ነጭ ነው፤ ፀጉር ሲነካካ እንደ ዱቄት ይበንናል። ራስ የመወጠርና የማሳከክ ስሜት ይኖረዋል። እጅና እግርም ብዙ ጊዜ አብረው ይደርቃሉ።

የፎረፎር ልጣጭ ግን ሰፋ ያለ፣ ወዛምና ወደ ቢጫነት ያደላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ዕድሜ ነው፤ ወዝ አመንጪ ዕጢዎች በዚያን ጊዜ ሥራቸውን ያበረታሉና። ይህን ወዝ የሚመገበው ረቂቅ ፈንገስ ማላሴዚያ ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው በ1874 እ.ኤ.አ. ስለ እርሱ ከጻፈው ከፈረንሳዊው ሊቅ ከሉዊ ሻርል ማላሴ ነው። ፈንገሱ በጤነኛ ሰው ራስ ላይም ስለሚኖር ፎረፎር የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም። ስለዚህ በፎረፎር ምክንያት በጓደኛ ላይ መሣቅ ከአላዋቂነት የሚቈጠር ነው።

ቆረቆር ከሁለቱም ይለያል። በይበልጥ ሕፃናትን የሚይዝ ተላላፊ ሕመም ነው። በራስ ላይ ክብ መላጣ ያወጣል፤ ፀጉሩም ከሥሩ ተሰብሮ ጥቁር ነጥብ መስሎ ይቀራል። በማበጠሪያ፣ በምላጭና በኮፍያ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ቅጫም ደግሞ የቅማል እንቁላል ስለሆነ ከፀጉሩ ዘለላ ጋር ተጣብቆ ይታያል፤ ቢያራግፉትም አይረግፍም።

ድርቀት መሆኑ ከታወቀ እንክብካቤው ቀላል ነው። ራስን በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና መታጠብ ይገባል እንጂ ትኩስ ውሃና የልብስ ሳሙና መጠቀም አይገባም፤ የቆዳውን ወዝ አጥበው ይወስዳሉና። ሳሙናው ፈጽሞ እስኪወጣ ማለቅለቅ፣ ራሱም ጨርሶ ሳይደርቅ ጥቂት ቅባት ወይም ንጹሕ ለጋ ቅቤ ቆዳውን በስሱ መቀባት እርጥበቱን ያቆየዋል። ከቤት ሲወጡ በሻሽ ወይም በኮፍያ ከነፋስ መከላከል ይጠቅማል። ማከክ ቆዳውን ስለሚያቆስል መታገሥ ያሻል።

ለድርቀት የሚበጀው ቅቤ ግን ለፎረፎር አይበጅም። ፈንገሱ ቅባትን ስለሚመገብ ቅቤው ምግብ ይሆንለታል። ለፎረፎር የሚስማማው ኬቶኮናዞል ወይም ዚንክ ፓይሪቲዮን ያለበት የፀጉር መታጠቢያ ነው። 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ያለበትን በሳምንት ሁለት ጊዜ ራስን ቀብቶ፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆይቶ ማለቅለቅ፣ ይህንንም ከ2 እስከ 4 ሳምንት መቀጠል ያስፈልጋል።

የቆረቆር ነገር ከሁሉም ይከፋል። አንዲት እናት የልጇን መላጣ ድርቀት ነው ብላ ሳምንታት ሙሉ ቅቤ ብትቀባው፣ ሕመሙ በዚያ መካከል ወደ ወንድሞቹና ወደ እኅቶቹ ሊሻገር ይችላል። እየቆየም ራሱ ሊያብጥና ሊመግል፣ ጠባሳ ጥሎም ፀጉሩን ለዘወትር ሊያሳጣው ይችላል። ፈንገሱ ወደ ፀጉሩ ሥር ስለሚገባ ቅባት ብቻውን አይደርስበትም። ስለሆነም እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መውሰድ ግድ ነው። ላምባ መቀባት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ መርዝም ነው፣ በእሳትም ይያያዛልና።

እንግዲህ መላጣ፣ መግል ወይም የአንገት ንፍፊት የታየበት ሰው ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ድርቀት የመሰለውም በሦስት ሳምንት እንክብካቤ ካልተሻለው እንዲሁ ያድርግ።

ለ. ሰዋስው፦ ምክንያትን የሚያመለክቱ ቃላትና ምዕላዶች

1. «ስለ» ከግሥ በፊት ሲገባ ምክንያትን ያመለክታል፤ ውጤቱም ይከተለዋል። ምሳሌ፦ ማከክ ቆዳውን ስለሚያቆስል መታገሥ ያሻል።

2. «ና» በግሥ መጨረሻ ሲገባ አስቀድሞ የተነገረውን ነገር ምክንያት ይሰጣል። ምሳሌ፦ መለየት ይቀድማል፤ ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ያብሳልና። ይህ «ና» «ቅቤና ቅባት» እንደሚለው ሁለት ስሞችን ከሚያጣምረው «ና» የተለየ ነው።

3. «ስለዚህ» እና «ስለሆነም» ምክንያቱ በቀደመው ዐረፍተ ነገር ሲያበቃ ውጤቱን ይጀምራሉ።

ሐ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ ምክንያትን የሚያመለክት «ና» ያለባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ጻፉ። ቀጥሎም «ና»ን በ«ስለ» በመተካት እንደገና ጻፏቸው።

2. ድርቀት፣ ፎረፎርና ቆረቆር በመለያ ምልክታቸውና በሕክምናቸው እንዴት እንደሚለያዩ በሠንጠረዥ አሳዩ።

3. ቅቤ ለአንዱ ጠቃሚ፣ ለሌላው ጎጂ የሚሆንበትን ምክንያት በሁለት ዐረፍተ ነገር አስረዱ።

መ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ በብርድ ወራት የሚታይ አንድ የጤና ችግር ምረጡ። በመጀመሪያው አንቀጽ መንስኤውን፣ በሁለተኛው ከሚመስለው ሌላ ሕመም የሚለይበትን ምልክት፣ በሦስተኛው በቤት የሚደረገውን እንክብካቤና ወደ ሐኪም የሚኬድበትን ጊዜ ግለጹ። የምክንያት ቃላትን ቢያንስ አምስት ጊዜ ተጠቀሙ።