በአንድ ሊትር ቤንዚን ስንት ኪሎ ሜትር?

ሩቅ አገር የሚሄድ መንገደኛ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ስንቁን ያያል። ስንት ቀን እንደሚያደርሰው ያሰላል። በቅሎ ያለው ሰውም ሣርና ውሃ የት እንደሚያገኝላት አስቀድሞ ያስባል። ሞተር ሳይክልም እንደዚሁ ስንቅ ይፈልጋል። ስንቁም ቤንዚን ነው። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። በቅሎ ሲርባትና ሲደክማት እርምጃዋን ትቀንሳለች፤ ታስታውቃለች። ሞተር ግን ቤንዚኑ እስኪያልቅ ድረስ እንደ ጤነኛ ይሮጣል። ሲያልቅ ግን በረሃም ይሁን ጫካ፣ ባለበት ቀጥ ይላል።

ዛሬ ሞተር ሳይክል በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ይታያል። የከብት ሐኪሙ፣ የጤና ሠራተኛውና ነጋዴው ይጠቀሙበታል። ገዝቶ የሚነዳ ገበሬም አለ። ታዲያ ባለሞተሩን «በአንድ ሊትር ስንት ይሄዳል?» ብላችሁ ብትጠይቁት ብዙ ጊዜ «ኧረ ብዙ ይሄዳል!» ይላችኋል። «ብዙ» ቁጥር አይደለም። በ«ብዙ» መንገድ ማቀድ አይቻልም።

ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን ተይዞ ነው የሚጓዘው እንበል። ቤንዚን መንገድ ላይ አልቆ ሞተሩ ፀሐይ ላይ ቢቆም በረዶው ይሟሟል፤ ክትባቱም ይበላሻል። የተበላሸ ክትባት ብዙ ጊዜ መልኩ አይለወጥም። ከብቱ ተወጋ ይባላል፤ በሽታው ሲመጣ ግን አይድንም። እንግዲህ የአንድ ሊትር ስሌት የአንድ በሬ ሕይወት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሀ. እንዴት ይለካል?

ለመለኪያ የሚያስፈልጉት እርሳስ፣ ደብተርና የሞተሩ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ናቸው። ቆጣሪውን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። በብዙ ቆጣሪዎች ላይ በቀኝ ዳር ያለችው ቀለሟ የተለየ ቁጥር የኪሎ ሜትር አሥረኛ ናት። እሷን ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ካነበባችሁ መንገዱ አሥር እጥፍ ይሆንባችኋል።

1ኛ. ሞተሩን በደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ካዘነበለ ልኩ ይሳሳታል።
2ኛ. ሰልባትዮውን እስከ አንድ ምልክት ድረስ ሙሉ። ምልክቱን አስታውሱ። እስከ አፉ ጢም አታድርጉት፤ ቤንዚን ሲሞቅ ያብጥና ይፈሳል።
3ኛ. በቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉ። ለምሳሌ 8,412።
4ኛ. እንደ ወትሮው ሥራችሁን ሥሩ፤ ንዱ።
5ኛ. ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተሩን እዚያው ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ እስከዚያው ምልክት ሙሉ። የገባውን ሊትር ጻፉ። ለምሳሌ 4 ሊትር።
6ኛ. ቆጣሪውን እንደገና አንብቡ። ለምሳሌ 8,588።

አሁን ስሌቱ እንዲህ ነው፦

8,588 − 8,412 = 176 ኪሎ ሜትር
176 ÷ 4 = 44

ስለዚህ ሞተሩ በአንድ ሊትር 44 ኪሎ ሜትር ሄዷል። መቀነስና ማካፈል የቻለ ሰው ይህን ለመሥራት ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም።

ቆጣሪው የተሰበረ እንደሆነስ? ርቀቱ በትክክል በሚታወቅ መንገድ ላይ፣ ለምሳሌ በሁለት ከተሞች መካከል፣ ሂዶ በመመለስ መለካት ይቻላል።

ለ. ሊትሩ ሙሉ ሊትር ነው ወይ?

ማደያ በሌለበት ቦታ ቤንዚን የሚሸጠው በተለምዶ ሃይላንድ በሚባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ እስከ ትከሻው ብቻ የተሞላ፣ ወይም ጎኑ የተጨማደደ ከሆነ ይጎድላል። አንድ ሰው አምስት «ሊትር» ገዝቶ 160 ኪሎ ሜትር ሄደ እንበል። 160 ለ5 ሲካፈል 32 ይሆናል። «ሞተሬ በላተኛ ሆነ» ብሎ ያስፈታዋል፤ ለጥገና ይከፍላል። ጠርሙሶቹ ተሰፍረው ቢሆን ኖሮ ግን የገባው 4 ሊትር ብቻ ሆኖ ይገኝ ነበር። 160 ለ4 ሲካፈል 40 ነው። የበላው ሞተሩ ሳይሆን ጠርሙሱ ነው። ስለዚህ ትክክለኛ የሊትር መስፈሪያ ይኑራችሁ።

ሐ. አንድ ጊዜ መለካት አይበቃም

መንገድ ሁሉ አንድ አይደለም። ጭቃ አለ፤ ዳገት አለ፤ ሁለት ሰው የሚጫንበት ቀን አለ። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ለኩ። በደብተራችሁም እንዲህ ጻፉ፦

1ኛ ጊዜ፦ 176 ኪሎ ሜትር፣ 4 ሊትር። በሊትር 44። ደረቅ መንገድ።
2ኛ ጊዜ፦ 99 ኪሎ ሜትር፣ 3 ሊትር። በሊትር 33። ጭቃ፣ ሁለት ሰው።
3ኛ ጊዜ፦ 205 ኪሎ ሜትር፣ 5 ሊትር። በሊትር 41። የተደባለቀ መንገድ።
ድምር፦ 480 ኪሎ ሜትር፣ 12 ሊትር።

480 ÷ 12 = 40። ይህ አማካይ ይባላል። አማካይ የወሩን ወጪ ለማወቅ ይጠቅማል። በወር 400 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 10 ሊትር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ ግን በአማካዩ አትመኑ። ለመንገድ የሚያዘው ከሁሉም ያነሰው ቁጥር ነው፤ በዚህ ምሳሌ 33። ባነሰው ቁጥር ያቀደ ሰው ቢሳሳት ቤንዚን ይተርፈዋል። በበለጠው ቁጥር ያቀደ ሰው ቢሳሳት ሞተር እየገፋ ይመሻል።

መ. ሪዘርቭ ምንድን ነው?

ካርቡራተር ባላቸው ብዙ ሞተሮች ከሰልባትዮው ሥር የቤንዚን መክፈቻ አለ። ሰልባትዮው ውስጥ አንድ ረጅምና አንድ አጭር መውሰጃ አለ። መክፈቻው እንደ ወትሮው ሲከፈት ቤንዚን በረጅሙ በኩል ይወርዳል። ቤንዚኑ ከረጅሙ አፍ በታች ሲሆን ሞተሩ ይንተፋተፋል። ያን ጊዜ መክፈቻው ወደ ሪዘርቭ ሲዞር የቀረው በአጭሩ በኩል ይወርዳል። እንግዲህ ሪዘርቭ ተጨማሪ ቤንዚን አይደለም፤ ከዚያው ከሰልባትዮው የተቆጠበ ነው። ቤንዚን ከሞላችሁ በኋላ መክፈቻውን ወደ ቦታው መልሱት። ሪዘርቭ ላይ ከረሳችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ያልቃል። በአንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች ይህ መክፈቻ የለም፤ በምትኩ መብራት ይበራል።

ሠ. መንገድን ማቀድ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን ጎሐ ጽዮን ደርሰን እንመለስ እንበል። መንገዱ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልሱ 230 ይሆናል። ሰልባትዮው 10 ሊትር ይይዛል፤ ከዚህ 2 ሊትሩ ሪዘርቭ ነው። ስለዚህ ለእቅድ የምንይዘው 8 ሊትር ብቻ ነው።

በአማካዩ፦ 8 × 40 = 320። ከበቂ በላይ ይመስላል።
ባነሰው ቁጥር፦ 8 × 33 = 264። ይበቃል፤ ትርፉ ግን 34 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ በመካከል የዓባይ በረሃ አለ። መንገዱ ከደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ስንመለስም እንደዚያው ነው። ቁልቁለቱ ያተረፈውን ዳገቱ ከነወለዱ ይበላዋል። ጭነት ካለና በእንዲህ ያለ መንገድ በሊትር 28 ብቻ ቢሄድ፣ 8 × 28 = 224 ነው። ደብረ ማርቆስ ሳንገባ 6 ኪሎ ሜትር ሲቀር ሪዘርቭ ይጀመራል።

«ደጀን ላይ እንሞላለን» የሚል ይኖራል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ማደያ አለ ማለት ቤንዚን አለ ማለት አይደለም። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት የመመለሻ ቁጥር አውጡ። ይኸውም ሪዘርቩ የማይቆጠርበት ሊትር ባነሰው ቁጥር ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ነው።

224 ÷ 2 = 112

ከሞላችሁበት ቦታ ጀምሮ 112 ኪሎ ሜትር ስትደርሱ ሌላ ቤንዚን ካላገኛችሁ ትመለሳላችሁ ማለት ነው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። መንገድ ላይ ልብ «ትንሽ ብቻ» ይላል፤ ወረቀት ግን አያባብልም።

ረ. ቤንዚን የሚያባክኑ ነገሮች

ነፋሱ የጎደለ ጎማ፣ የደረቀ ካቴና፣ አቧራ የያዘ የአየር ፊልትሮና የሚያንሸራትት ፍሪሲዮን ቤንዚን ያባክናሉ። ጠዋት ለማስነሣት የተሳበው ቾክ ሳይመለስ ከቀረም እንደዚያው ነው። ፍጥነትም ይበላል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ነፋሱ የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ከፍ ባለ ደጋ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተር ባለው ሞተር ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፤ ከፊሉም በደንብ ሳይቃጠል ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት መውረድ ግን አደጋ ነው። ሞተሩ መያዙን ስለሚተው ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ግሎ እንቢ ይላል።

ሰ. ጥንቃቄ

ቤንዚን ስትቀዱ ሲጋራና ኩራዝ አይቅረብ። በአፍ አትሳቡ። በምትተኙበት ቤት አታስቀምጡ። በውሃ ጠርሙስ አታኑሩ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

ጥያቄዎች

1. ቆጣሪው መጀመሪያ 5,230 ነበር። አሁን 5,356 ነው። የገባው ቤንዚን 3 ሊትር ነው። ሞተሩ በሊትር ስንት ሄደ?
2. ሰልባትዮው 9 ሊትር ይይዛል፤ ሪዘርቩ 1 ሊትር ነው። ያነሰው ቁጥር 30 ነው። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው። መንገድ ላይ ሳይሞላ፣ ሪዘርቭም ሳይነካ ደርሶ ይመለሳል?
3. የዚህ ሞተር የመመለሻ ቁጥር ስንት ነው?
4. በቀበሌያችሁ ያለ አንድ ሞተር ሦስት ጊዜ ለክታችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ከሁሉም ያነሰው ቁጥር ስንት ሆነ? ምክንያቱስ ምንድን ነው?

መልስ፦ 1. 42 ኪሎ ሜትር። 2. አይመለስም፤ 8 × 30 = 240 ነው፣ ደርሶ መልሱ ግን 260 ነው። 3. 120።